የዘሩ መደብ

ሽማግሌው ባልዲያቸውን ጥለው እየጮኹ ሲመጡ ዘሀራ እጇ በርበሬው ላይ እንዳለ ደርቃ ቀረች።

«ላ! ላ!»

የባሏ ታናሽ ወንድም ሙባረክ መሐል ገብቶ በጁባ አረብኛ አነጋገራቸው። «የእርሻው ጠባቂ ናቸው፤ ጃዳ ይባላሉ» አላት። «ይህን መደብ ሙጂብ ራሱ መጥቶ ካልቀጠፈው ማንም አይነካውም ይላሉ። እሱ ነው ያዘዛቸው።»

ዘሀራ እጇን ሰበሰበች። ሞኙ ልቧ ግን ደስ አለው። ባሏን ሙጂብን የሚጠብቅ ሌላም ሰው አለ ማለት ነው።

ያለፈው ታኅሣሥ ጁባ ውስጥ ተኩስ ሲጀመር ሙጂብ አማራት ሰፈር ያለውን ሱቁን ልይ ብሎ ከዚሁ እርሻ ተነስቶ ሄደ፤ በዚያው ቀረ። አየሁት የሚል የለ፣ አስከሬኑ አልተገኘ። ዘመድ አዝማድ አስከሬን በሌለበት የሚሰገደው የጀናዛ ሶላት ይሰገድለት ቢል ዘሀራ «ባሌን በቁሙ አትቅበሩብኝ» ብላ አሻፈረኝ አለች። ከጅማ ድረስ የመጣችውም በስልክ ሲያወራላት የኖረውን እርሻ በዓይኗ ለማየት እንጂ ለሌላ አልነበረም። ጠዋት ከጁባው ሎሎጎ ሰፈር ወጥተው ወንዙን ተከትለው ሲነዱ፣ ሙባረክ የሶላቱ ነገር አፉ ላይ እየደረሰ በየኬላው ይውጠው ነበር።

እርሻው ሙጂብ እንዳወራው ነው። ድንብላሉም አለ፤ ጥቁር አዝሙዱም አለ። ዳር ላይ ደግሞ ራሷ በጨርቅ ቋጥራ ከላከችለት ዘር የበቀለው በርበሬ። ጃዳ ሌላውን ሁሉ በየጊዜው ሰብስበዋል፤ የዘሩን መደብ ግን ውሃ ከማጠጣት በቀር አልነኩትም።

በእነሙጂብ ቤት ለዘር የሚቀረውን በርበሬ የሚቀጥፈው የዘራው ሰው ነው። እሱ ከሞተ ሚስቱ ትቀጥፋለች። አማቷ ባላቸው የሞቱ ዓመት እያለቀሱ ሲቀጥፉ ዘሀራ ቅርጫቱን ይዛላቸዋለች።

ጎንበስ ብላ አየች። ዛላው ከነግንዱ ደርቋል። ግማሹን ወፍ ለቅሞታል፣ ግማሹ መሬት ወድቆ ሻግቷል። ደህና ዛላ የቀረው አንድ ጥግ ላይ ብቻ ነበር፤ እሱም ቢሆን ከዚህ በላይ የሚጠብቅ አይመስልም።

ጃዳ አንድ ነገር ተናገሩ።

«ምን አሉ?»

«መቼ ነው የሚመጣው አሉ፣ እህቴ።»

ዓመቱን ሙሉ ሞቷል ያላት ብዙ ነው፤ ለሁሉም መልስ ነበራት። መቼ ይመጣል ብሎ የጠየቃት ግን አልነበረም። ወደ መንገዱ አየች። አቧራው ፀጥ ብሎ ተኝቷል።

ሻርፗን አውልቃ መሬት ላይ ዘረጋችና የመጀመሪያውን ዛላ ቀጠፈች። ጃዳ ሊከለክሏት ሲነሱ ሙባረክ ክንዳቸውን ያዘ። በጆሯቸው አንድ ቃል አላቸው። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

እንባዋ ይወርዳል። በበርበሬ እጅ ዓይን አይነካምና ሳታብሰው ቀጠፈች፣ ጥጉን እስክትጨርስ። ሻርፑን እንደ ድሮው ቋጠረችው።

«ሙባረክ» አለች ቀና ሳትል፤ «የምንሰግድበት ቂብላ በየት በኩል ነው?»