ድንች ለእሸቴ፣ ጎመን ለደሳለኝ

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ዓመተ ምሕረት ከደብረ ታቦር ወደ ጋሳይ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለ አንድ የገበሬ ማኅበር የቤት ኢኮኖሚክስ ሠራተኛ ነበርኩ። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ካርቶን ላይ በቀለም የሣልኩት የምግብ ሰንጠረዥ ነበረኝ፤ እሱን ይዤ ስቆም የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር።

ሁዳዴ ሲገባ ለሴቶች ማኅበር ያስተማርኩት ስለ ድንችና ስለ ጎመን ነው። «ካሎሪ ማለት የሰውነት ማገዶ ነው» አልኩ። «አንድ ኪሎ ድንች ከአንድ ኪሎ ጎመን በእጥፍ የሚበልጥ ካሎሪ አለው። ጎመን ለጤና ደግ ነው፤ ሰውነት የሚሞላው ግን ድንች ነው። ወተትና ቅቤ በማይቀመስበት ጾም ልጆቻችሁ እንዳይከሱ ድንች አብሏቸው።»

ወይዘሮ አሰለፈች ከፊት ተቀምጠው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ለማሳያ ብዬ ልጃቸውን እሸቴን ሚዛን ላይ አቆምኩት። አርባ ዘጠኝ ኪሎ። «ለፋሲካ ደግሜ እመዝነዋለሁ፤ ያኔ ታያላችሁ!» ብዬ ፎከርኩ።

ሰዉ ሲበተን ወይዘሮ ትርንጎ ወደኋላ ቀሩ።

«ልጄ፣ ጎመን ብቻ የበላ ሰው ይሞታል?» አሉኝ።

«አይሞትም፤ ግን ይከሳል። ድንች የለዎትም እንዴ?»

«ድንችስ ሞልቷል።»

ትምህርቱን ገልብጠው የያዙት መስሎኝ ሳቅሁ። እንደገና ላስረዳቸው ስል እጄን ያዙኝ።

«ገብቶኛል ልጄ። የእኔ ደሳለኝ ዐሥራ ስምንት ሞላው። ከፋሲካ በኋላ ደብረ ታቦር ወስደው ለውትድርና ይመዝኑታል። ሃምሳ ኪሎ ያልሞላውን ይመልሱታል አሉ። ታላቁ ሄዶ የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ። ይኼኛውን አልሰጥም።»

እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፤ ሰው ቢሰማ ሁለታችንም አለቀልን። ግን አፌ ቀደመኝ። «ጎመን ያብሉት» አልኩ። «ዘይት አያስነኩት። እንጀራውም ከግማሽ አይለፍ። በጾም ቢከሳ ማን ይጠረጥራል?»

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ደሳለኝን አየው ነበር። ጉንጩ ጎደጎደ፤ ሱሪው በገመድ ታሰረ። እናቱ ጎመኑን አቅርበውለት ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። የእሸቴ ትከሻ ደግሞ ሰፋ። «የእሸቴን እናት ምሰሉ!» እያልኩ በሴቶቹ ፊት አመሰግናቸው ነበር።

እሸቴም የደሳለኝ እኩያ ነው፤ ለወይዘሮ አሰለፈችም መንገር ነበረብኝ። አልነገርኩም። ወሬ አይቋጥሩም ብዬ ፈራሁ። እውነቱን ልናገር ካልኩ ግን፣ ለትምህርቴ ምስክር የሚሆነኝ ልጅ እሸቴ ብቻ ስለነበር ሳሳሁ። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ልጆቹ ደብረ ታቦር ተወስደው ተመዘኑ። ደሳለኝ አርባ ስምንት፤ ተመለሰ። እሸቴ ሃምሳ ሦስት፤ እዚያው መኪና ላይ ጫኑት።

በማግሥቱ ወይዘሮ አሰለፈች ቢሮዬ መጡ። በጨርቅ የተቋጠረ ነገር ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው ፈቱት። ቅቅል ድንች ነው፤ ሲመለስ መንገድ ላይ እንዲበላው የያዙለት።

«አርባ ዘጠኝ ነው ያልሽው። አንቺው ነሽ የመዘንሽው» አሉ።

«አዎ።»

«የትርንጎ ልጅ ምን በልቶ ነው የከሳው?»

ሰንጠረዡ ከጀርባዬ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። መዋሸት አቃተኝ።

«ጎመን።»

«ማን ነገራት?»

«እኔ» አልኩ። አልጮኹም፣ አልረገሙኝም። ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር። ድንቹን እዚያው ትተው ጨርቁን ብቻ አጥፈው ያዙ፤ በሩ ጋ ደርሰው ዞር አሉ።

«ለእኔስ፣ ልጄ?» አሉኝ።