«ሽጉጥ ይዣለሁ» ያለው ሰው

«በሩ ላይ ፖሊስ ቆሟል» አለች ኤልሳቤጥ ወደ ልጇ ወደ ራኬብ ጆሮ ጠጋ ብላ።

ሳሎኑ በለቀስተኛ ተሞልቷል። የቤተ ክርስቲያናቸው ሰዎች መዝሙሩን ጨርሰው፣ ትናንት ስለቀበሩት ስለ ኤልሳቤጥ ባል ስለ ሕዝቅያስ በዝግታ ያወራሉ። ድንገት ልቡ ቆሞ ነው የሞተው። የፖሊሱን ልብስ በመስኮት ያዩት ወሬያቸውን አቋረጡ። «ደግሞ ምን መጣ?» አለ አንዱ በሹክሹክታ።

ራኬብ ተነስታ አየችው። «ማሚ፣ እሱ ነው። ዳንከን ነው! እዚህ ቤት አይገባም።»

«አባትሽ ቢኖር ያስገባው ነበር።»

«ያ እኮ ነው የማይገባኝ!»

ሕዝቅያስ በስደት በሚኖሩባት በኖርክሮስ ከተማ፣ ሱቁ ውስጥ ተዘርፎ ከተደበደበ ወዲህ የመሣሪያ ላይሰንስ አውጥቶ ሽጉጥ ይታጠቅ ነበር። አንድ ቀን ከራኬብ ጋር ሲሄዱ፣ የመኪናው የኋላ መብራት አልበራ ብሎ ዳንከን አስቆማቸው። ሕጉ ካልተጠየቅህ ተናገር አይለውም። እሱ ግን ሰውየው ኋላ እንዳይደነግጥ ብሎ «ላይሰንስ አለኝ፤ ሽጉጥ ይዣለሁ» አለ። ፖሊሱ የሰማው «ሽጉጥ» የምትለዋን ብቻ ነበር፤ ከመኪናው አውጥቶ መሬት ላይ አስተኝቶ በካቴና አሰረው። ራኬብ የአባቷን ጉንጭ አስፋልት ላይ ተለጥፎ አየች። ላይሰንሱ ተጣርቶ ካቴናው ሲፈታም ዳንከን ይቅርታ አላለም።

ራኬብ «ሱ እናድርጋቸው፣ እንክሰሳቸው» አለች። አባቷ ግን ጣቢያ ሄዶ ያንኑ ሰው አስጠራና ጠየቀው፦ «ስነግርህ መሬት ላይ አስተኛኸኝ። ብደብቅህ ደግሞ ድንገት ስታየው ትተኩስብኛለህ። እኔ ምን ላድርግ?»

ዳንከን ከቀናት በኋላ ሱቁ ድረስ መጥቶ ይቅርታ ጠየቀ። ቆይቶም አባቷን ይህንኑ ጥያቄ ለአዳዲስ ፖሊሶች እንዲያቀርብላቸው ወሰደው። አባቷ ካዋረደው ሰው ጋር መወዳጀቱ ግን ለራኬብ ውርደት ነበር። በዚህ ነገር ሳይግባቡ አባቷ ሞተ።

በሩን ከፈተችለት። ዳንከን ቆቡን በእጁ ይዟል።

«አልገባም» አለ። «አንድ ነገር ብቻ ነግሬሽ እሄዳለሁ። በቀደም አንድ ልጅ አስቆምኩ። 'መሣሪያ አለኝ፣ ፈቃድም አለኝ' አለኝ። እጄ ወደ ሽጉጤ ሄዶ ነበር። አባትሽ ትዝ አለኝ። 'ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ' አልኩት። እሱም ቤቱ ገባ፣ እኔም ቤቴ ገባሁ። ለአባትሽ ላጫውተው ሱቁ ብሄድ፣ ተዘግቷል፤ መሞቱን እዚያው ሰማሁ።»

 ራኬብ ይቅር ያለችው አልመሰላትም። ግን አባቷን እንዲህ የናፈቀው ሌላ ሰው ደጅ ላይ ቆሞ እንዲመለስ ማድረግ አልቻለችም።

«ግባ» አለችው።

እንደ ቤቱ ደንብ ጫማውን ሊያወልቅ ጎንበስ አለ። የጫማ መደርደሪያው ሞልቷል። ራኬብ እስካሁን ማንም ያልነካውን የአባቷን ጫማ አነሳችና ቦታ ለቀቀችለት። እሱ ገብቶ ከለቀስተኛው መሀል ተቀመጠ። እሷ የአባቷን ጫማ ደረቷ ላይ እንዳቀፈች እዚያው በሩ ሥር ቀረች።