ማጉያው የሰማብኝ ቃል

ስሜ አልታየች ነው። አልታየሁም ይሆናል፤ ያልሰማኝ ሰው ግን ደብረ ብርሃን ውስጥ አይገኝም። የአንኮበር ልጅ ነኝ። እዚያ ማዶ ያለውን ሰው ለማነጋገር ገደሉን ወርዶ ከመውጣት ይልቅ ባለህበት ቆመህ መጣራት ይቀላል፤ ጉሮሮዬ የተሠራው በዚያ ነው። አቶ ወርቅአገኘሁም ቤታቸው ዘፋኝ አድርገው የቀጠሩኝ ለዚሁ ጉሮሮ ብለው ነው። ቤቱ የደሴ መንገድ ሾፌሮች የሚያርፉበት መጠጥ ቤት ነው። ሾፌር ቀኑን ሙሉ ከሞተር ጋር ሲጯጯህ ስለሚውል ከመኪናው ወርዶም ዝም ማለት አይሆንለትም። ከዚያ ሁሉ ጫጫታ በላይ የሚሰማ ድምፅ ያለኝ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ጉሮሮም ግን ያረጃል። ከክረምቱ ወዲህ ጠዋት ስነሳ ድምፄ አልወጣ ይለኝ ጀመር። ተልባ በማር እየበጠበጥኩ ስጠጣ ከረምኩ እንጂ ለማንም አልተነፈስኩም። ከቤቱ ጀርባ የማድርባት ክፍል የዘፋኟ ክፍል ናት፤ መዝፈን ያቃታት ሴት አታድርባትም። እኔ ደግሞ ሌላ ቤት የለኝም።

የድምፅ ማጉያው የመጣው በኅዳር፣ ውርጩ አጥንት ድረስ በሚሰማበት ሰሞን ነው። አቶ ወርቅአገኘሁ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ አመጡት፤ እዚሁ አዲሱ ፋብሪካ በሠራው ብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ መንገዱን ሙሉ ጭናቸው ላይ አቅፈው። እኔ ክፍል ውስጥ እንዲያ ያለ ብርድ ልብስ የለም። ሲገለጥ ጥቁር ሳጥን ነው፤ ፊቱ ላይ ጨርቅ የተወጠረበት፣ አናቱ ላይ ማንጠልጠያ ያለው፤ ማይክሮፎንም አብሮት አለ።

«ሬዲዮ ነው?» አለ አንድ ሾፌር።

«ዜና አይናገርም» አሉት አቶ ወርቅአገኘሁ ኮራ ብለው። ዜና አለመናገሩ ምኑ እንደሚያኮራ እስካሁን አልገባኝም።

የኛው ጊታር መቺ ወልደአረጋይ ግን ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። አዲስ አበባ ሆቴል ቤት ሲጫወት የኖረ ሰው ነው፤ የኤሌክትሪክ ጊታሩን ይዞ እኛ ዘንድ ሲመጣ የሚሰካበት ማጉያ አልነበረንም። ያለ ማጉያ ሲመታው ጠርሙስ ውስጥ የገባች ዝንብ ነበር የሚመስለው። ሳጥኑን አገላብጦ ሲያይ ቆየና ጠራኝ።

«እትዬ አልታየች፣ ሁለት መሰኪያ አለው! አንዱ ለጊታሩ፣ አንዱ ለማይክሮፎኑ። ከእንግዲህ አትጮኺም።»

ደስ ይበላት ብሎ ነው። አቶ ወርቅአገኘሁ ደግሞ ከሱ ቀበል አድርገው፣ «አዲስ አበባ አንዲት ልጅ አይቻለሁ» አሉ። «መልኳ ልዩ ነው። ድምጿ ከጓዳ ሳሎን አይደርስም፤ በዚህ ከሆነ ግን ምን ቸገራት? ዛሬ ካማረ ለገና አስመጣታለሁ።»

«እኔስ?» አልኳቸው።

«አንቺንማ እስቲ እናያለን።»

«እስቲ እናያለን» ማለት «ዕቃሽን ሰብስቢ» ማለት ነው፤ ትንሽ ጨዋነት ስላለበት ብቻ ይለያል።

ሲመሽ የከተማው መብራት ተለቀቀ፤ ወልደአረጋይም ማጉያውን ሰካ። መጀመሪያ ዝም አለ። ከዚያ ከኋላው ትንንሽ አምፖል የሚመስሉ ነገሮች ቀስ እያሉ ቀሉ፣ ሳጥኑም ሞቀ። ሾፌሮቹ ተራ በተራ እየመጡ እጃቸውን ዘርግተው ሞቁት። እኔም ሞቅኩ። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የወደድኩለት ይህንኑ ነው።

ወልደአረጋይ አንዲት ክር ሲነካ ጠረጴዛ ላይ ያለው ብርሌ ሁሉ ተንቀጠቀጠ። ቤቱ በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ። ቀጥሎ የኔ ተራ ሆነ። ማይክሮፎኑ ፊት ቆምኩና እንደለመድኩት ደረቴን ሞልቼ፣ የአንኮበርን ገደል በሚያሻግረው ድምፅ ለቀቅኩት። ማጉያው ጮኸብኝ። እንዲያ ያለ ፉጨት ሰምቼ አላውቅም፤ ሰዉ ጆሮውን ይዞ ጎንበስ አለ። ደግሜ ሞከርኩ፣ ደግሞ ጮኸ። አሁን የሚስቁት በኔ ነበር። አቶ ወርቅአገኘሁ ከባንኮኒው ኋላ ሆነው በእጃቸው ቀስ በይ፣ ቀስ በይ ይሉኛል። ቀስ ማለት አላውቅበትም። በዚያ ቤት ቀስ በይ ያለኝ ሰው ኖሮ አያውቅም።

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና ወደ ወልደአረጋይ ዘወር ብዬ፣ ለሱ ብቻ፣ «ወልዴ፣ ደክሞኛል» አልኩት።

ማይክሮፎኑ አፌ አጠገብ መሆኑን ረስቼዋለሁ። ማጉያው ቃሉን ተቀብሎ ለቤቱ ሁሉ ተናገረው። «ደክሞኛል» የሚለው የገዛ ድምፄ ከጥግ እስከ ጥግ ሞላ። ያን ሁሉ ጊዜ ለማንም ያልተናገርኩትን አንድ ዕቃ በመጣ በመጀመሪያው ቀን አወጣብኝ። በሀፍረት ተቃጠልኩ።

የሚስቅ ጠፋ። የዓልዩ አምባው ሾፌር ዘይኑልአቢዲን፣ ሁልጊዜ ሻይ ብቻ ይዞ ጥግ የሚቀመጠው፣ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ወላሂ እኛም ደክሞናል፣ እህቴ» አለኝ። «ተቀምጠሽ ዝፈኚልን።»

ተቀምጬ ዘፈንኩ፤ ልብሴን ሳጥብ በማንጎራጉርበት ድምፅ። ማጉያው አልጮኸም። ራሴን ያን ዕለት ነው የሰማሁት። ድምፄ የተሰነጣጠቀ ነው፣ ግን ደስ ይላል። ደስ ሲለኝ ደግሞ ንድድ አለኝ፤ ይህ ሳጥን ጉሮሮዬ ሳያልቅ የት ነበረ? ሾፌሮቹ ዝም ብለው አዳመጡ። አንዱ ክንዱን ተንተርሶ እንቅልፍ ወሰደው፤ አልተቀየምኩትም።

በማግሥቱ ጠዋት ልብሴን በሻንጣ ስከት አቶ ወርቅአገኘሁ ደጃፌ ላይ ቆሙ። ብርድ ልብሱን ይዘውልኝ መጥተዋል።

«ልጅቷ ትቅር» አሉኝ። «ተኚ፣ ዕረፊ። ማታ ግን ልክ እንደ ትናንቱ ነው። መጀመሪያ ቁጭ ትያለሽ፣ ከዚያ ወደ ወልደአረጋይ ዘወር፣ ከዚያ ያቺን ቃል። ሰዉ የወደደው እሷን ነው።»

«ሳይደክመኝ ብውልስ?»

«ቢደክምሽም ባይደክምሽም።»

ቀኑን ሙሉ በዚያ ብርድ ልብስ ተጠቅልዬ ተኛሁ። ከስንት ዘመን በኋላ ሰውነቴ ቀሎኝ፣ ጉሮሮዬም ተከፍቶ ተነሳሁ። መብራት ሲመጣ ወንበሬ ላይ ቁጭ አልኩ፣ ወደ ወልደአረጋይም ዘወር አልኩ። እሱ አንገቱን ደፋ።

«ወልዴ፣ ደክሞኛል» አልኩ።

ቤቱ በሙሉ አጨበጨበ። ያኔ እውነትም ደከመኝ።