እስኪሸነፍ ድረስ

አሰልጣኙ የእህቱን ሞት የሰማው በስፖርተኞቹ መንደር ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ፣ የድንቡሼን ቁምጣ ከማድረቂያው እያወጣ ሳለ ነው። የደወለችው የሟች ሴት ልጅ ናት። “ጋሼ፣ እማዬ ዐረፈች” አለችው። ታማም አልነበረም፤ ጠዋት ገበያ ልትወጣ ጫማዋን ስታስር ወደቀች፣ በዚያው ቀረች።

አሰልጣኙ ቁምጣውን አጣጠፈው፤ መልሶ ዘረጋው፤ እንደገና አጣጠፈው። ቦክሰኛው ድንቡሼ የሟች የመጨረሻ ልጅ ነው። ስሙ በሕፃንነቱ በጉንጩ የወጣለት ነው እንጂ አሁንስ ከአጥንትና ከጅማት በቀር የሚያዝ ሥጋ የለውም። ገና የወተት ጥርሱ ሳይወልቅ ቡጢ ያስያዘው ይኸው አጎቱ ነው። የመጀመሪያ ግጥሚያው ደግሞ በማግስቱ ነበር።

የቡድን መሪው መርዶውን ሲሰማ ተነሥቶ በሩን ዘጋ። ያ ውድድር ለብሔራዊ ቡድኑ ክፉ ሆኖበታል። ሯጮቹ በማጣሪያው ቀርተዋል፤ ክብደት አንሺው ትከሻው ወልቆ በቃሬዛ ወጥቷል፤ ዋናተኛዋ ከመጨረሻ አንደኛ ሆናለች። አገር ቤት ሬዲዮው ሙልጭ አድርጎ እየሰደባቸው ነው።

“የቀረን እሱ ብቻ ነው” አለ መሪው። “እግዜር ያጽናህ። ግን አሁን ብትነግረው ምን ይጠቅመዋል? ዛሬ ቢሳፈር እንኳ ለቀብር አይደርስም። ነገ ይጋጠም፤ ሲሸነፍ ትነግረዋለህ።”

“ካሸነፈስ?”

ያሸንፋል ብሎ የጠበቀ ማንም አልነበረም። አሰልጣኙ አልተከራከረም፤ ዝምታውም እሺታ ሆኖ ተቆጠረ። ወደ ክፍላቸው ተመልሶ፣ “ስልክህን አምጣ፤ ከግጥሚያ በፊት ወሬ ልብ ይበትናል” ብሎ ከልጁ ተቀበለ።

በማግስቱ ድንቡሼ አሸነፈ። ከሪንጉ እንደወረደ፣ “ጋሼ፣ ለእማዬ ደውልልኝ” አለ። “ስጋጠም እኮ ቴሌቪዥኑን ዘግታ ጎረቤት ነው የምትሄደው። ፊቴ ደህና መሆኑን ልንገራት።”

“ደውዬ ነግሬያታለሁ። ደስ ብሏታል።”

ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ የሚመልሰው አጣ። ከሰዓት በኋላ የእህቱ ልጅ ደወለች።

“ቀበርናት። አልነገርከውም አይደል?”

“ሩብ ፍጻሜ ደርሷል እኮ።”

“ጋሼ፣ ያንተም እህት ናት።”

“እሱን ለእኔ ትነግሪኛለሽ?”

“እንግዲያው ንገረው። በኋላ ለምን ደበቃችሁኝ ቢል እኔ የለሁበትም።”

አልነገረውም። በሩብ ፍጻሜው ቀን የልጁን እጅ በፋሻ ሲጠቀልል፣ ዛሬስ ተሸንፎ በተገላገልኩ እያለ ሲመኝ ራሱን አገኘው። ደግሞም ሊገላገል ነበር፤ ድንቡሼ ከሦስቱ ዙር ሁለቱን ተበልጦ ጥጉ ላይ ተቀመጠ። አጎቱ ግን ተጋጣሚው ግራውን ሰንዝሮ ሲመልስ ቀኝ እጁን እንደሚጥል አይቷል። ዝም ቢል ነገሩ እዚያው ያበቃል። ውሃ አጠጣው፣ ግንባሩን ጠረገለት፣ ከዚያ ልማድ አሸነፈውና፣ “ግራውን ሲመልስ ጠብቀው፤ ፊቱ ባዶ ነው” አለው።

ድንቡሼ ጠበቀው። ሰውየው ወደቀና ሳይነሣ ተቆጠረበት።

በቦክስ ግማሽ ፍጻሜ የደረሰ ሁሉ ሜዳሊያ ስለሚያገኝ፣ ነሐስ ከእጅ ገባ ማለት ነው። የቡድን መሪው እንባ በእንባ ሆኖ ያገኘውን ሁሉ አቀፈ። በምግብ አዳራሹ ክብደት አንሺው ክንዱን በአንገቱ እንዳንጠለጠለ ድንቡሼን ሲያይ ወሬውን ያቋርጣል፤ ዋናተኛዋም ዓይኗን ከሳህኗ አታነሣም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ልጁ ሁሉም ያከበረው መስሎት ፈገግ ይላል።

በግማሽ ፍጻሜው በግልጽ ተሸነፈ። ልብስ መቀየሪያው ውስጥ አጎቱ ጎንበስ ብሎ ፋሻውን ሲፈታለት እንባው በልጁ ጣቶች ላይ ወረደ።

“ነሐስም እኮ ሜዳሊያ ነው ጋሼ” አለ ድንቡሼ። “አታልቅስ።”

“እናትህ ዐርፋለች።”

ልጁ እጁን አልሳበም። “መቼ?”

“ከመጀመሪያው ግጥሚያህ በፊት።”

“ደስ ብሏታል አልከኝ።”

“እንዳትሰበር ብዬ ነው። እሷም ብትሆን ልጄ ይጨርስ ነበር የምትለው።”

“እሷ ቡጢ ትወድ ነበር እንዴ? የምትወደው እኮ እኔን ነው” አለና የቀረውን ፋሻ በጥርሱ ፈታው።

ሜዳሊያው አንገቱ ላይ ሲጠለቅ ሲያለቅስ የቴሌቪዥኑ ሰው የደስታ እንባ ነው አለ። አውሮፕላን ማረፊያው በአበባና በባለሥልጣን ተሞልቶ ነበር፤ ድንቡሼ የተዘረጋለትን እጅ ሁሉ እየጨበጠ አለፈ። ቤት ሲደርስ እህቱ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። አጎትየው በሩ ላይ ቆመ። ኀዘኑ የእሱም ነበር፤ ነገር ግን ማንም እግዜር ያጽናህ አላለውም። አንድ ጎረቤት ፈቀቅ ብሎ አግዳሚው ጫፍ ላይ ቦታ ሰጠው፤ እዚያ እንደ ሩቅ ሰው ተቀመጠ።

ድንቡሼ ወደ ማሠልጠኛው አልተመለሰም። ዛሬ ጎማ ጥገና ቤት ነው የሚሠራው። አጎቱ ሰበብ ፈልጎ በዚያ በኩል ሲያልፍ ልጁ ከጎማው ቀና ይላል፤ እጁን በጨርቅ ይጠርግና በትሕትና አንገቱን ዝቅ ያደርጋል።

“እንደምን ዋሉ?” ይለዋል። ጋሼ ብሎ ጠርቶትም፣ አንተ ብሎትም አያውቅም፣ ከዚያን ቀን ወዲህ።