ሚኒስትሩ ወረፋ የያዘ ቀን

አብዱልቃኒ የተሾመው በይጁቤ የገበያ ቀን ነበር። ፈውዚያ እጇን እስከ ክርኗ ጆንያ ውስጥ ከትታ፣ የታችኛው ኑግ እንደ ላይኛው ደህና መሆኑን ስትዳብስ፣ ባለሱቋ ጎረቤቷ ጀነት እየሮጠች መጣች።

«ወንድምሽን የንግድ ሚኒስትር አደረጉት! አሁን በሬዲዮ ሰማሁ!»

በዙሪያው ያለው ሰው እልልታዋን ጠበቀ። ፈውዚያ ግን እጇን ከጆንያው ሳታወጣ፣ «ሚኒስትር ቀኑን ሙሉ ምን ይሠራል?» አለች።

«እሱን ሬዲዮው አልተናገረም» አለች ጀነት።

ወንድሟ በአሥራ አራት ዓመት ይበልጣታል። አባታቸው ሲሞቱ ትምህርቱን አቋርጦ፣ ኑግና ስንዴ በአህያ እየጫነ ነው ያሳደጋት። ውሎ አድሮ አይሱዙ ገዛ፤ ደብረ ማርቆስ የዘይት መጭመቂያ ተከለ፤ ሰው ከበረ ሲለው ዲግሪውን በርቀት ተምሮ ያዘ። ስሙን አዲስ አበባ ድረስ ያስጠራውና ለሹመት ያበቃው ግን አንድ አመሉ ነው። አፈር ቀላቅሎ የሚሸጥ ነጋዴ ካገኘ፣ ጆንያውን ገበያ መካከል ይዘረግፍበታል። እህል ሲገዛም ሲሸጥም ቆሞ ነው፤ ፈውዚያ ወንድሟ ወንበር ላይ ረጋ ብሎ ሲቀመጥ አይታ አታውቅም።

አዲስ አበባ ሲሄድ የይጁቤውን የእህል መጋዘኑን ለእሷ ለቀቀላት። ከዚያ ወዲህ የምታየው በቴሌቪዥን ሆነ። ሪባን ይቆርጣል፤ ከአበባ ጀርባ ይቀመጣል፤ የታሸገ ውኃ ይጎነጫል። ድሮ ስትደውልለት ገና አንዴ ሳይጠራ አንስቶ «ገበያው እንዴት ዋለ?» ይላት ነበር። አሁን አመተ ሥላሴ የምትባል ጸሐፊው ታነሳለች።

«ክቡርነታቸው ስብሰባ ላይ ናቸው።»

«ስለ ምን ይሆን ስብሰባው?»

«እሱን እኔም አላውቅ እቴ» ብላ ሳቀች አመተ ሥላሴ። ፈውዚያ በዚህ ወደደቻት።

በሁለተኛው ዓመት አብዱልቃኒ አንድ መመሪያ ፈረመ። ማንኛውም የቅባት እህል ከዞኑ ከመውጣቱ በፊት ንጽሕናውና እርጥበቱ በዞኑ ዋና ከተማ ተመርምሮ ማኅተም ይደረግበታል። ፈውዚያ ስትሰማ ደስ አላት። አፈር ቀላቃዮቹን አሁን በመላ አገሩ ሊዘረግፍባቸው ነው ብላ አሰበች።

ታኅሣሥ ላይ ኑግ የጫነ መኪናዋን ይዛ ደብረ ማርቆስ ስትገባ ግን መመርመሪያው በር ላይ ሃያ ሦስት መኪና ተሰልፎ አገኘች። መርማሪው ምስጋናው የሚባል ለስላሳ ሰው ነው። «እህቴ፣ መለኪያ መሣሪያው አንድ፤ እኔም አንድ» አላት። ሦስት ቀን ጠበቀች። በሦስተኛው ቀን ያለ ወቅቱ ዝናብ ጣለ፤ ሸራው በአንድ ጎኑ አፈሰሰ። በአራተኛው ቀን ምስጋናው መሣሪያውን ኑጉ ውስጥ ሰክቶ አነበበና በሐዘኔታ አያት።

«ረጥቧል። አያልፍም።»

«ደረቅ ነው ተብሎ ሊመሰከርለት ቆሞ እኮ ነው የረጠበው!»

«አውቃለሁ፤ ሲዘንብ እዚሁ ነበርኩ» አላት ምስጋናው።

ለወንድሟ ልትደውል ስልኩን አንስታ መልሳ አስቀመጠችው። በእህትነቷ መንገድ ከተከፈተላት፣ ከኋላዋ የቆሙት ምን ይሏታል? ኑጉን መልሳ ይጁቤ ወሰደችው። መንገዱን ሁሉ ያብሰለሰላት ኪሳራው አልነበረም። ደመና ካለ እህል ውጭ እንደማያድር ያስተማራት ወንድሟ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር እንዴት ፈረመ? ረሳው? ወይስ ሌላ ሰው ሆነ?

ከሳምንት በኋላ ሚኒስትሩ ከነጋዴውና ከገበሬው ጋር ሊወያይ ደብረ ማርቆስ መጣ። አዳራሹ ጢም ብሏል። አስተያየት ሰጪዎች እየተነሱ ስለ መልካም አስተዳደር ብዙ አመሰገኑ። ፈውዚያ እጇን አወጣች።

«ክቡር ሚኒስትር፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ። መመሪያውን ከመፈረምዎ በፊትም ሆነ በኋላ፣ መመርመሪያው በር ላይ ቆመው ያውቃሉ?»

አዳራሹ ውስጥ እህቱ መሆኗን የማያውቅ አልነበረም። አብዱልቃኒ ማይኩን ወደ አፉ አስጠጋ። ጆሮው ሲቀላ አየች።

«የተነሳው ሐሳብ ጠቃሚ ነው። በጥልቀት እናየዋለን።»

ፈውዚያ ተቀመጠች። ይህ ድምፅ የማን እንደሆነ አላወቀችውም።

በማግስቱ ጠዋት፣ ከገበሬዎች የተረከበችውን ሌላ ጭነት ይዛ ሰልፉ ውስጥ ገብታ ሳለ የመኪናው በር ተከፈተ። አብዱልቃኒ ነው፤ አሮጌ ጃኬቱን ለብሷል። አጃቢ የለም። ድረስ የሚባለው ሾፌሯ ደንግጦ ሊወርድ ሲል ትከሻውን ያዘው።

«ቁጭ በል፣ ድረስ። ስንተኛ ነን?»

«ሰባተኛ ጌታዬ።»

«ጥሩ፤ እንጠብቃለን።»

ረፋዱ ላይ ወሬው በሰልፉ ተዳረሰ። ከዲማ በኩል የመጡ፣ ነጭ ጋቢ የደረቡ እንዳላማው የሚባሉ ሽማግሌ ወደ መስኮቱ ቀርበው፣ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው አዩት።

«ከኑግ የተገኘህ ሰሊጥ…» ብለው ጀመሩና የቀረውን ተዉለት።

«አብረህ ተወቀጥ» ሲል ጨረሰላቸው አብዱልቃኒ። ሰልፈኛው በሳቅ ፈነዳ። እሱም ሳቀ። ከሹመቱ ወዲህ ሲስቅ ስታየው የመጀመሪያዋ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ በረታ፤ ድረስም ውኃ ሊገዛ ወረደ። ሁለቱ ብቻቸውን ሲቀሩ ፈውዚያ ሁለት ዓመት የያዘችውን ጥያቄ አወጣችው።

«ወንድም ጋሼ፣ ሚኒስትር ምን ይሠራል?»



«ወረቀት ያነባል። እዚህ ስሳሳት የዚያኑ ቀን ማታ አውቀው ነበር፤ እህሉ ይሸታል፣ ሰው ይቀየማል። እዚያ ስሳሳት ወደ እኔ የሚመጣው ሪፖርት ነው። ሪፖርቱ ደግሞ ይህ ሁሉ መኪና ‹በመስተናገድ ላይ ይገኛል› ይላል።»

«መሣሪያው አንድ መሆኑንስ አላወቅህም?»

«አርባ ይገዛል ተብሎ ነው የፈረምኩት። የት እንደደረሰ አልጠየቅኩም።» ወደ ጭነቱ ዘወር ብሎም፣ «እኔ ሳልቆጥር ጆንያ ተረክቤ አውቃለሁ?» አላት።

ተራቸው የደረሰው አሥር ሰዓት አልፎ ነው። ምስጋናው መሣሪያውን ሰካ። ማን ፊት እንደቆመ ያውቃል። ቁጥሩን አነበበና ቀና ብሎ ሚኒስትሩን አየ፤ ደግሞ ቁጥሩን አየ።

ፈውዚያ ወንድሟን እንጂ መሣሪያውን አላየችም። አሁን አንድ ቃል ቢናገር መኪናው ያልፋል። የትኛው ሰው ይናገር ይሆን፣ ሚኒስትሩ ወይስ ያሳደጋት?

«ስንት አለ?» ጠየቀ አብዱልቃኒ።

«ከ… ከልኩ በትንሽ አልፏል፣ ክቡርነትዎ።»

«እንግዲያው አያልፍም» አለና ወደ ድረስ ዞረ። «ሸራ አለህ?»

ግቢው ጥግ ላይ ሸራ ዘርግተው ኑጉን አሰጡት። በማግስቱ ፀሐዩ እስኪበርድ፣ አብዱልቃኒ ሱሪውን ጠቅልሎ በእግሩ እያገላበጠው ዋለ። በስልክ ስብሰባ ሲያስታውሱት «ሥራ ላይ ነኝ» ይል ነበር። ኑጉ ሲያልፍለት የመርማሪውን እጅ ጨብጦ አመስግኖት ሄደ።

በወር ከሃያ ቀኑ መመሪያው ተሻሻለ፤ ምርመራው እህሉ በሚገዛበት ገበያ ላይ ይሁን ተባለ። መግቢያው ላይ «ቀድሞ የወጣው መመሪያ ስህተት ስለነበረበት» የሚል ቃል ነበረ። አመተ ሥላሴ ራሷ ደውላ፣ አማካሪዎቹ ያን ቃል ለማስወጣት ሦስት ቀን እንደለመኑትና እምቢ እንዳለ ለፈውዚያ ነገረቻት። አዲስ አበባ ግን ሌላ ወሬ ተሰራጨ፤ ሚኒስትሩ ለእህቱ ብሎ መመሪያ ቀየረ ተባለ። ክረምት ሳይገባ በሹም ሽር ወረደ።

ፈውዚያ ሲመጣ ፊቱን ማየት ፈራች። «እኔ ነኝ ያስወረድኩህ» አለችው።

«እኔ ነኝ የፈረምኩት» አላት። «ሁለቱንም መመሪያ።»

ወደ መጭመቂያው ተመለሰ። መጋዘኑን መልሺልኝ አላላትም፤ እሷም አልመለሰችለትም። ሰው ግን አልተወውም። እነ እንዳላማው ማመልከቻቸውን ይዘው ይመጣሉ። ወረቀት ከየትኛው ጠረጴዛ ተነስቶ የት ላይ እንደሚተኛ ያስረዳቸዋል፤ እግረ መንገዱንም «ደርሷል ሲሏችሁ የት ደረሰ ብላችሁ ጠይቁ» ይላቸዋል።

በዓመቱ ነጋዴዎቹ ፈውዚያን ተወካያቸው አድርገው መረጧት። አዲሱ ሚኒስትር ዘንድ በገባች ቀን አብሯት እንዲሄድ ለመነችው፤ አልሄደም። ስትመለስ ግን መናኸሪያው ላይ ቆሞ አገኘችው። ሚኒባሱ ገና ሳይቆም በመስኮቱ በኩል ጮኸ።

«እሺ፣ ምን አሉ? ቆመው ነው ያነጋገሩሽ፣ ተቀምጠው?»

ፈውዚያ ሳቀችና ቦርሳዋን አሸከመችው። «ቆይ ልውረድ» አለችው። «ከመጀመሪያው ነው የምነግርህ።»