ሁለተኛው ብስኩት

በእናቴ ቤት ቡና ሲቀርብ የብስኩቱ ቆርቆሮ የሚዞረው አንዴ ብቻ ነበር። አንድ አንድ ይነሳል፣ ክዳኑ ግጥም ይላል፣ ቆርቆሮው ወደ ቁም ሳጥኑ ይመለሳል። ሁለተኛ የጠየቀ ልጅ ጆሮው ይቆነጠጣል። እኔም ስድሳ አራት ዓመት ሲሞላኝ በሰው ፊት ሁለተኛ ብስኩት አንስቼ አላውቅም ነበር። ሆላንድ ውስጥ፣ ዩትሬክት ያደገ ሰው ይገባዋል።

ባሌ ሄርበርት ከሞተ በኋላ ቤቱ አስጠላኝ። ዩኒቨርሲቲው ፊልም አይተው አስተያየት የሚሰጡ ሰዎች እፈልጋለሁ ብሎ ማስታወቂያ ሲለጥፍ ተመዘገብኩ፤ ሦስት ማክሰኞ፣ ከሰዓት በኋላ። ማርሉስ ከምትባል እኩያዬ ጋር አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ አስቀመጡን። በመካከላችን ሽሮፕ ያለበት ብስኩት ሳህን ሙሉ ቀርቧል።

«አንቺ ሴትዮ፣ ምን ታፈጥጫለሽ? ድገሚ እንጂ!» አለችኝ አራተኛዋን እየገመጠች።

«እናቴ ከመቃብር ተነስታ ትቆነጥጠኛለች።»

«ትነሳ! ለእሷም አንድ እንሰጣታለን።»

ከት ብዬ ሳቅኩ። ሄርበርት ከሞተ ወዲህ እንዲያ ስቄ አላውቅም። ደገምኩ፤ ሠለስኩም።

በሁለተኛው ማክሰኞ ፊልሙን ትተን ስናወራ ዋልን። የእሷም ባል፣ ዮስት፣ ባለፈው ክረምት እንደሞተባት ነገረችኝ። እኔ ጅሏ ለልጄ እንኳ ያልነገርኩትን ዘረገፍኩላት። ሄርበርት የሞተ ዕለት ከአልጋው ላይ ሆኖ «አትቆዪብኝ» ብሎኝ ነበር። እኔ ግን ገበያ መሀል ከጎረቤት ጋር ወሬ ይዤ ቀረሁ፤ ስመለስ አልደረስኩበትም። ማርሉስ እጄን ይዛ አለቀሰች። ጓደኛ አገኘሁ ብዬ በሚቀጥለው ሳምንት እሁድ ለሚውለው ልደቴ ጠራኋት።

«እንዴት ብዬ እቀራለሁ!» አለችኝ።

ሦስተኛው ማክሰኞ ሲያበቃ አጥኚው ዶክተር ቴውኒስ ወረቀት ይዞ ገባ።

«አሁን እውነቱን ልንነግርዎ ይገባል» አለ። «ጥናቱ ስለ ፊልም አልነበረም። አጠገቡ ያለው ሰው ብዙ ሲበላ፣ በተለይ ያ ሰው ከተወደደ፣ ሌላው ምን ያህል ይበላል የሚለውን ነው የምናጠናው። ወይዘሮ ማርሉስ የእኛ ሠራተኛ ናቸው። ሳህኑን እርስዎ ሲወጡ እንመዝን ነበር። ካልፈለጉ ውጤትዎን እንሰርዘዋለን።»

ወደ እሷ ዞርኩ። «ዮስትስ?»

ፊቷ ቀላ። «ዊትስከ፣ የሚያቀራርብ ነገር አውሪ ብለውኝ ነው። አንቺን ግን ከልቤ ነው የወደድኩሽ፣ እውነቴን ነው!»

«የበላሁትን ሰርዙት» አልኩት ዶክተሩን። «የነገርኳትንስ በምን ትሰርዙታላችሁ?»

ወረቀቱን አገላበጠ።

ኮቴን አንስቼ ወጣሁ። ማርሉስ እሁድ እመጣለሁ እያለች፣ እየማለች፣ እስከ ውጭው በር ተከተለችኝ። በሩ ላይ አንድ መላጣ ሰውዬ ብስክሌቱን ተደግፎ ቆሟል።

«ዮስት፣ መጣሁ፣ አንዴ ጠብቀኝ» አለችው።

ባለፈው እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ለነፍሱ ሻማ ያበራሁለት ሰውዬ ፈገግ ብሎ እጁን አውለበለበልኝ።