ቅርፊቱ እስኪወልቅ

ቢፍቱ ገዳ ባኞ ቤት ተንበርክካ ከሳፋው ላይ ዓይኗን አልነቀለችም። ዩኒቨርሲቲ ያለው ቤተ ሙከራ ለእድሳት ሲዘጋ፣ ሸርጣኖቿን ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ወዳለው ቤቷ አምጥታቸው ነበር። ሌሎቹ ሞተውባት የቀራት ሳፋው ውስጥ ያለው ይኸው አንዱ ነው። ዛሬ ጠዋት የጀርባው ቅርፊት ተሰነጠቀ።

ሸርጣን የሚያድገው የጠበበውን ቅርፊት እየጣለ ነው። ጊዜው እስኪደርስ ድረስ ዓይኑን ከተሸከመው ዘንግ የሚመነጭ ሆርሞን ይዞ ያቆየዋል። ቢፍቱ የምታጠናው ያንን ሆርሞን የሚያሠራውን ዘረ-መል ነው፤ ቅርፊቱ ሲወልቅ ምን ያህል ሥራ አቁሞ ዝም እንደሚል። ለዚህም ሸርጣኑ እንደወጣ የዓይኑን ዘንግ ቆርጦ ወዲያው በረዶ ውስጥ መክተት ያስፈልጋል።

ድንገት መብራት ጠፋ። ሳፋው ውስጥ አየር የሚነፋው ሞተርም ቆመ።

"ሮሪሳ!" ብላ ጮኸች።

ወጥ ቤት ፊቱን ይታጠብ የነበረው ባሏ ውሃውን ሳይጠርግ ሮጦ መጣ።

"አየር ካጣ ቅርፊቱ ውስጥ እንደተወተፈ ይሞታል!" አለችው።

"ጎትቼ ላውጣው?"

"እንዳትነካው! ይቀደዳል።"

ጣሳ አንስታ ውሃውን እየቀዳች ከላይ መልሳ ታፈስሰው ጀመር፤ እንዲያ ሲሆን ትንሽ አየር ይገባዋል። ያኔ ነው በረዶው ትዝ ያላት። ትናንትም መብራት ሳይኖር ስለዋለ ፍሪጁ ውስጥ ያለው ውሃ ገና በረዶ አልሆነም። "በረዶ የለንም!" አለችው።

"አሳ ቤቱ ጋ በረዶ አይጠፋም" አለና ሮሪሳ በነጠላ ጫማ ደረጃውን ወረደ።

ቢፍቱ ክንዷ እስኪዝል ቀዳች። ሸርጣኑ ቶሎ ካልወጣ መሞቱ ነው፤ በረዶው ሳይደርስ ከወጣ ደግሞ የወራት ልፋቷ ገደል ገባ። "ውጣ" ትለዋለች፤ መልሳ ደግሞ "ቆይ፣ ትንሽ ቆይ" ትለዋለች። 

የመጨረሻው እግር ተመዞ ወጣ። ሸርጣኑ ገርጥቶ፣ እንደ ሊጥ ለስልሶ ከባዶ ቅርፊቱ አጠገብ ተዘረረ።

በሩ ተበረገደ። ሮሪሳ በረዶ የሞላ፣ አሳ አሳ የሚል ፌስታል ይዞ ቆሟል። ሳፋውን አየና ድምፁ ዝቅ አለ።

"ይሄን ሁሉ ታግሎ ወጥቶ ልትቆርጪው ነው?"

በረዶውን ተቀበለችው። መጀመሪያ ሸርጣኑን በረዶ ላይ አስተኝታ አደነዘዘችው። መቀሱን ያነሳችው መንቀሳቀሱን ሲያቆም ነው።

ከሌላ ቤተ ሙከራ ውጤቱ ሲመጣ ናሙናው እንዳልተበላሸ ታወቀ፤ ዘረ-መሉ ጨርሶ ዝም ለማለት ትንሽ ቀርቶት ነበር። ግን በአንድ ሸርጣን ምንም ማለት አይቻልም። ሌሎች ለመያዝ ወደ ወንዝ ስትወርድ ሮሪሳ ባልዲውን ተሸክሞ ተከተላት።